ወፍ አልሆንም ያልኩበት እሁድ

ስለዚያ እሁድ ንፋስ መውጫ ውስጥ ብዙ ይወራል። አንዳንዱ ሊቀመንበሩን ያዋረድኩት ሥልጣን አምሮኝ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ከስማዳዋ ልጅ ጋር የሚያዛምደኝ አያት ፈልጎ ያገኝልኛል። እኔ የእስቴ ልጅ ነኝ፤ ስማዳ ውስጥ የማውቀው ዘመድ የለኝም። ስለዚህ ነገሩን ራሴ ልንገራችሁ። ወሬው ከእኔ አፍ ሲወጣ ቢያንስ ስሜ ከጎኑ ይኖራል።

ያኔ የከተማችን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ክለብ አምበል ነበርኩ። ክለብ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከከተማው በጀት ደመወዝ ይከፈለናል፣ ሰማያዊ መለያ እንለብሳለን፣ በክልሉ ውድድር እንጫወታለን። ለእኛ ግን ሥራችንም እንጀራችንም እሱ ነው። ሜዳችን ጣሪያ የሌለው ሲሚንቶ ነው፤ ከተማዋ ደግሞ ስሟን ያገኘችው በከንቱ አይደለም። ከቀትር በኋላ ከጉና ተራራ በኩል የሚመጣው ንፋስ ኳሷን አየር ላይ ተቀብሎ ወደ ጎን ይገፋታል። ከሁለቱ ቅርጫቶች የአንደኛው ቀለበት ከተጣመመ ቆይቷል፤ የሚጠግነው ስለጠፋ ነጻ ውርወራ የምንለማመደው ሁልጊዜ በደህነኛው ነው። እዚያ ስትቆሙ ጉና በግራችሁ ነው። አዲስ ተጫዋች ስትመጣ መጀመሪያ የምንነግራት «ወደ ጉና ወርውሪ» ብለን ነው። ኳሷን ከቅርጫቱ ትንሽ ወደ ግራ ትልኪያታለሽ፣ የቀረውን ንፋሱ ይጨርሰዋል። እንግዳ ቡድን መጥቶ የሚወረውረው ሁሉ በቀኝ በኩል ሲያልፍበት እኛ ፊታችንን አዙረን እንስቅ ነበር።

ከቤታችን ስንወጣ ግን የሚሳቀው በእኛ ነው። በሌሎቹ ዘንድ የክልሉ ጨዋታ የሚካሄደው በተዘጋ አዳራሽ ነው፤ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ጉና የለም። ቢያንስ አንድ ቀን ቀደም ብለን ደርሰን ካልተለማመድን እጃችን አይታረምም። አሰልጣኛችን ደረጀ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ነገር ግን ከሌላ አገር የመጣ፣ ውሉ በየዓመቱ የሚታደስለት ሰው ስለሆነ አይሟገትም፤ በትሕትና ይጠይቃል፣ እንቢ ሲባል አንገቱን ይደፋል።

በዚያ ዓመት ከሽንፈት ወደ ሽንፈት እየተንከባለልን ከደረጃው ግርጌ ደርሰን ነበር። ባሕር ዳር ላይ የምናደርገውን ጨዋታ ካሸነፍን ከመውረድ እንተርፋለን ተባለ። ጨዋታው ቅዳሜ ነው፤ ሐሙስ ተነስተን ዓርብ አዳራሹ ውስጥ ልንለማመድ ተስማማን። ሐሙስ ጠዋት ሻንጣችንን ይዘን ወጣን፤ የክለቡ መኪና የለችም። ዓርብም ስንጠብቃት ዋልን። የተነሳነው ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ደርሰን እግራችንን ሳናፍታታ ወደ ሜዳ ገባን። እንደዚያም ሆኖ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ተናንቀን ነበር። በአንድ ነጥብ እየተመራን ትርንጎ ተጠልፋ ወደቀችና ሁለት ነጻ ውርወራ ተሰጣት። ትርንጎ የስማዳ ልጅ ናት፤ ከሁላችንም ረጅሟ፣ ከሁላችንም ዝምተኛዋ። ሁለቱም ኳሶች በቀለበቱ ግራ በኩል አለፉ።

ማታውን አንድ ሰው የቀረጸው ቪዲዮ በከተማው ስልክ ሁሉ ላይ ነበር። ሁለቱም ወደ አንድ ጎን መሄዳቸው ሰውን አሳበደው። ያሸነፈን ቡድን ዓምና ሊያስፈርማት ጠይቋት እንደነበር ትዝ ያለው ሰው ደግሞ ነገሩን ጨረሰው። ትርንጎ ጨዋታውን ሸጠችው ተባለ። በማግስቱ ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጠዋ ሴት ሳትቀር እያየቻት ራሷን ነቀነቀች።

የክለቡ ሊቀመንበር አቶ ስመኘው ይባላል። አንደበቱ ማር የሆነ፣ ሱፉ የማይጨማደድ ሰው ነው። የከተማው ሰው «ምን እየሠራችሁ ነው?» ብሎ ሲያፋጥጠው አንድ መላ አመጣ፤ በሚመጣው እሁድ ሜዳው ላይ አውጫጭኝ ይደረግ አለ።

አውጫጭኝን ለማያውቅ ልንገር። በገጠራችን በሬ ሲሰረቅ ወይም ክምር ሲቃጠል አገሬው በሙሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። ጥፋተኛው ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። የሚያውቅ ሰው ለሽማግሌው ለብቻው ሹክ ይለዋል፤ ሽማግሌውም የነገረውን ሰው ስም ሳይጠራ «ወፍ እንዲህ አለች» ብሎ ያሰማል። ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። ሌባው ጉልበተኛ ሲሆን ደካማውን ከበቀል የሚያድን ጥሩ ሥርዓት ነው። ጉልበተኛው ራሱ ወፍ ሲያሰማራ ምን እንደሚሆን ግን ያሰበ ያለ አይመስለኝም።

ከጨዋታው ሳምንት በኋላ፣ በአውጫጭኙ ዋዜማ ቅዳሜ ከሰዓት አቶ ስመኘው ቢሮው አስጠራኝ። ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ፣ ስለ እናቴ ጠየቀኝ፣ በአመራሬ እንደሚኮራ ነገረኝ። ውሌን በሁለት ዓመት ሊያራዝመው እንዳሰበም ጣል አደረገ። ከዚያ ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«መጀመሪያ የምትጠሪው አንቺ ነሽ። አንድ ስም ብቻ በጆሯቸው ትነግሪያቸዋለሽ፤ ከዚያ በኋላ የተናገረችው ወፏ ናት። አንቺ የለሽበትም።»

የየትኛዋን ስም እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልነገረኝም። አስብበታለሁ ብዬ ወጣሁ። የተናደድኩት ውሸት ስለጠየቀኝ አይደለም፤ አምበል ስለሆንኩ እንደማላሳፍረው እርግጠኛ መሆኑ ነው ያንገበገበኝ።

ከዚያ በቀጥታ ትርንጎ ወደ ተከራየችው ቤት ሄድኩ። ልብሷን አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ እየከተተች አገኘኋት። ቪዲዮው አገሯ ስማዳ፣ ወገዳ ከተማ ድረስ ደርሷል። አባቷ ለገበያ ወጥቶ ሳለ አንድ ጎረምሳ ስልኩን አፍንጫው ሥር ደቅኖ አሳይቶታል። ሽማግሌው ያመጣውን ገብስ ሳይሸጥ መልሶ ጭኖ ገባ አለችኝ። አላለቀሰችም፤ ካልሲዎቿን አንድ በአንድ እያጠቀለለች ነበር የምታወራኝ።

«ሰርኬ፣ ሸጥኩት ብዬ ባምን ይለቁኛል?» አለችኝ። «አዎ ብዬ ልመንና ይብቃኝ። መሀል ላይ ተቀምጦ መታየቱን አልችለውም።»

ያላደረግሽውን ካመንሽ ዕድሜ ልክሽን አደረግሽው ማለት ነው አልኳት። ነገ ማንም ምንም ቢልሽ አፍሽን እንዳትከፍቺ ብዬ አስማልኳት። ምን እንደማደርግ ግን እኔም አላውቅም ነበር። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

እሁድ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ምሳውን እንደቀመሰ ሜዳው ሞላ። ተጫዋቾች፣ ደጋፊዎች፣ ነጋዴዎች፣ የባጃጅ ልጆች፣ ሁሉም ሲሚንቶው ላይ ክብ ሠርቶ ተቀመጠ። ሽማግሌ ሆነው የተመረጡት መሪጌታ ጥበቡ ናቸው፤ በድጓ ትምህርቷ በታወቀችው በቤተ ልሔም ገዳም ተምረው እዚያው ያስተማሩ፣ ከተማው ሁሉ የኔታ እያለ የሚጠራቸው። ከጎናቸው ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሰይድ ጋቢያቸውን አንጥፈው ተቀምጠዋል፤ ጨዋታችን አንድም ቀን አምልጧቸው አያውቅም። አቶ ስመኘው ከክቡ ወጣ ብሎ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ነበር፣ እግሩን አነባብሮ። አሰልጣኙና የመኪናችን ሹፌር ሞላ ከኋላው ቆመዋል።

የኔታ አባታችን ሆይ ብለው ከፈቱ። አቶ ስመኘው ስለ ከተማው ክብር፣ ስለ ከዳተኛ፣ ስለ ተጠያቂነት ጥሩ ንግግር አደረገ። ተጠያቂነት የምትለዋን ቃል ደጋገማት። ንፋሱ ገና አልተነሳም ነበር። ትርንጎ ከእኔ አጠገብ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች።

የመጀመሪያው የተጠራ ስም የእኔ ነው። የኔታ ከቅርጫቱ ምሰሶ ሥር ብቻቸውን ቆመው ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉልኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እዚያ እስክደርስ ድረስ አልወሰንኩም ነበር። የእሳቸውን ጆሮ አጠገቤ ሳየው ግን አንድ ነገር አንገሸገሸኝ፤ በዚያ ጆሮ የምጥለውን ቃል ማን እንደጣለው አንድም ሰው ሳያውቅ አንዲት ልጅ ልትቀበርበት ነው። ወደ ኋላ ተመለስኩና ለሁሉም እንዲሰማ አድርጌ ተናገርኩ።

«የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ ወፍ አልሆንም። ሰርካለም እባላለሁ። የምለው ካለኝ በስሜ እላለሁ።»

ሜዳው አጉረመረመ። አቶ ስመኘው ሥርዓት እንዳላፈርስ፣ ሽማግሌ እንዳላስቸግር አስጠነቀቀኝ። ሥርዓት ሲለኝ መንገዱን ራሱ ከፈተልኝ። ወደ የኔታ ዞር ብዬ በእኛ አገር አውጫጭኝ ላይ ከሕዝቡ ጋር ያልተቀመጠ ሰው ምን ይባላል ብዬ ጠየቅኳቸው። ሽማግሌው መቋሚያቸውን ተደገፉ።

«ከተቀመጠው ጋር ያልተቀመጠ፣ ጥፋቱን በራሱ ላይ አነሳ ይባላል» አሉ። «ጭቃ ሹምም ቢሆን፣ ባላባትም ቢሆን።»

አቶ ስመኘው ሳቀ። እኔ ሰብሳቢ ነኝ እንጂ ተሰብሳቢ አይደለሁም አለ። እኔም ያለ እርስዎ አንድም ቃል አይወጣኝም፣ ክቡ ሳይሞላ ጀንበሯ ትጠልቃለች እንጂ አልናገርም አልኩና እቦታዬ ሄጄ ቁጭ አልኩ። የቡድኔ ልጆች አንዷም ቀና ብላ አላየችኝም፤ የሁላችንም ውል በእሱ እጅ ነው።

ሐጂ ሰይድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በዚህ ዕድሜያቸው፣ በዚህ ወገባቸው ሲሚንቶ ላይ የተቀመጡት ወንበር አጥተው እንዳልሆነ በቀስታ ተናገሩ። ከዚያ ከጋቢያቸው ላይ ፈቀቅ አሉና ከጎናቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው መታ መታ አደረጉ።

«ና ልጄ፣ ና እዚህ ተቀመጥ።»

እንቢ የሚባል ግብዣ አልነበረም። አቶ ስመኘው የሱፍ ሱሪውን ጉልበቱ ላይ ሳብ አድርጎ ከመሬት ተቀመጠ። አሰልጣኙና ሞላም ተከትለው ክቡ ውስጥ ገቡ። ወንበሯ ብቻዋን ቀረች፤ ንፋሱ ያኔ ተነስቶ ስለነበር ትንሽ ቆይታ በጎኗ ወደቀች። ማንም አላነሳትም።

ተነሳሁ። የጨዋታው ሳምንት ሐሙስ ዕለት መኪናችን የት ነበረች ብዬ ጠየቅኩ። ከተሰበሰበው ሰው ግማሹ መልሱን ያውቀዋል፤ ምክንያቱም መኪናዋ በሄደችበት ሰርግ ላይ በልቷል፣ ጠጥቷል፣ ጨፍሯል። የኔታ ሞላን በስሙ ጠሩትና ወፍ እንደሌለ፣ በስሙ እንዲናገር ነገሩት። ሞላ ቆቡን አወለቀ።

«ወገዳ ነበርኩ የኔታ። ሙሽራና ሚዜ ጭኜ። መንገዱ ጎማ በልቶብኝ ዓርብ ማታ ነው የተመለስኩት።»

«ማን አዘዘህ?»

ሞላ ልጆች ያሉት ሰው ነው። ቆቡን በእጁ ሲያሽከረክር አየሁትና አላስቻለኝም። ሞላ አይመልስ፣ የሚመልሰው ያዘዘው ሰው ነው አልኩ። ሰው ሁሉ ወደ ሐጂ ጋቢ፣ እዚያ ወደ ተቀመጠው ሊቀመንበር ዞረ። አቶ ስመኘው ግን ቀላል ሰው አይደለም፤ ፈገግ አለ።

«ኳስ የሚወረውረው መኪና ነው እንዴ?»

ብዙ ሰው ሳቀ። በሳቁ ውስጥ ነገሩ ከእጄ ሲንሸራተት ተሰማኝ። ሰው መሳቅ ከጀመረ መርሳት ጀመረ ማለት ነው። ኳስ አነሳሁና ትርንጎን ተነሽ አልኳት። እንቢ አለች። እጇን ይዤ ጎትቼ ነጻ መወርወሪያው መስመር ላይ አቆምኳት፣ በደህነኛው ቅርጫት ፊት። ሐጂንም ከኋላዋ መጥተው እንዲቆሙና ኳሷ ከእጇ ስትወጣ ወዴት እንደምትሄድ እንዲመለከቱ ለመንኳቸው።

ወረወረች። ልክ በዚያች ቅጽበት ንፋሱ እንደ ሰው ተንፍሶ ቆመ። ኳሷ በግራ በኩል አለፈች። ከኋላ አንድ ሰው አያችሁ፣ አሁንም ያው ናት ብሎ ጮኸ። አንዱ የባጃጅ ልጅ ግን ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮውን ከፍቶ ነበር። ወዲያና ወዲህ እያየ ኳሱ የሄደው ቪዲዮው ላይ በሄደበት መንገድ ነው አለ፤ አንዲት ስንዝር ፈቅ አላለም። ያኔ ገባኝ፤ ንፋሱ አልከዳንም፣ ምስክራችን ሆኖ ነው የቆመው። ለትርንጎ ጠብቂ አልኳት። ሁሉም ጠበቀ። መለያዋ ጀርባዋ ላይ እስኪወዛወዝ፣ የኔታ ጥምጣማቸውን በእጃቸው እስኪይዙ ድረስ ጠበቅን። ያንኑ ውርወራ ደገመችው። ኳሷ ወደ ጉና ወጣች፣ አየር ላይ ተገፋች፣ ተመልሳ ቀለበቱን ሳትነካ ገባች። ሦስተኛዋም ገባች።

ሐጂ ሰይድ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ልጅቱ አሁን የወረወረችው ሁሉ ወደ አንድ ቦታ እንደነበር፣ ልዩነቱ የንፋሱ ብቻ መሆኑን ተናገሩ። ያኔ አሰልጣኙ ተነሳ። ሲነሳ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«ደረጀ እባላለሁ» አለ። «ወደ ጉና እንድትወረውር ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አዳራሹን የምንለምድበት አንድ ቀን ጠይቄ ተከለከልኩ። ተከልክዬ ዝም አልኩ።»

ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም አልጠራም፤ ሰው በራሱ ይነሳ ጀመር። አንዷ ልጃችን ስሟን ተናግራ ስትጠብቃት የነበረችውን ተጫዋች አራት ጊዜ እንዳመለጠቻት ተናገረች። ሌላዋ ደክሟት ወደ ኋላ መመለስ እንዳቃታት ተናገረች። ወገዳ ሰርጉ ላይ ከጨፈሩት ሳይቀር አንድ ሁለቱ ተነስተው መኪናዋን እያዩ ዝም ማለታቸውን አመኑ። ትርንጎ መጨረሻ ላይ ከቆመችበት መስመር ሳትነቃነቅ ተናገረች። ድምፅዋን ከተማው የሰማው ያን ቀን ይመስለኛል።

«ትርንጎ እባላለሁ። ሁለቱን የሳትኩት እኔ ነኝ። የሸጥኩት ግን የለም።»

የቀረው አንድ ሰው ነው። የኔታ አልቸኮሉም፤ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ወደ ቤቱ የሚሄድ እንደሌለ አስታወሱ። ንፋሱ አቧራ እያመጣ ፊታችን ላይ ይበትናል። አንድም ሰው አልተነሳም። ጀንበሯ ወደ ጉና አዘነበለች። አቶ ስመኘው ጫማውን ሲያይ፣ ሰዓቱን ሲያይ ቆየና መጨረሻ ላይ ቀና ሳይል ተናገረ።

«ስመኘው እባላለሁ። መኪናዋን ለእህቴ ሰርግ የላክኋት እኔ ነኝ።»

ይቅርታ አላለም፤ ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨመረም። የኔታ ይበቃል አሉ፣ ሕዝቡን መረቁና በተኑ። ትርንጎ ማታውን ለአባቷ ደወለች። ምን እንዳወሩ አላውቅም፤ ሻንጣዋን ግን ማታውኑ ፈታችው።

አሁን ተረቱ በደስታ አለቀ እንዳትሉኝ። በዚያ ዓመት ከምድቡ ወረድን። ወር ሳይሞላ የአምበልነት ክንድ ማሰሪያዬ ተወሰደ፤ ምክንያቱ የሥነ ምግባር ጉድለት ነው ተባለ። አቶ ስመኘው በወንበሩ ላይ ነው፣ እኔም ደመወዜ ከሁሉም ዘግይቶ እንዲገባልኝ ተደርጌ በቡድኑ ውስጥ ነኝ። ይቅርታ ከጠየቅኩ ማሰሪያው እንደሚመለስልኝ መልእክተኛ ላከብኝ። ጥፋቴ በሕዝብ ፊት ነውና ሕዝቡ ይጠራ፣ እሱም ከመሬት ይቀመጥ፣ ያኔ እጠይቃለሁ አልኩት። እስከ ዛሬ የጠራኝ የለም። ይቅርታም አልጠየቅኩ፤ አልጠይቅምም።

አንድ ነገር ግን ተለውጧል። የራቀ ጨዋታ ሲኖር መኪናችን ሐሙስ ጠዋት በሩ ላይ ትቆማለች፤ ለሰርግም ለለቅሶም የሚነካት የለም። ተሸንፈን ስንመለስም ሜዳው ላይ ክብ እንቀመጣለን። ስማችንን እንጠራለን፣ ያጠፋነውን እንናገራለን፣ ተነስተን ልምምድ እንጀምራለን። ይህን ማንም አላዘዘንም።

እናንተም በየመሥሪያ ቤታችሁ፣ በየማኅበራችሁ አንድ ቀን አለቃችሁ ወንበሩን ሳብ አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ስም ብቻ ይጠይቃችኋል። አንቺ የለሽበትም፣ አንተ የለህበትም ይላችኋል። ያን ጊዜ ዞር ብላችሁ እሱ የተቀመጠበትን እዩ። እኔን በተመለከተ፣ ከላይ ያነበባችሁትን ሁሉ ወፍ አልነገረቻችሁም። ሰርካለም ነኝ፤ ቤቴም ከሜዳው ማዶ ነው።